ለትንሽ አውሮፕላን ጩኸት ቀናሽ ሄድሴት እንዴት ይመረጣል? ከጅማ ለሚበሩ የተዘጋጀ መመሪያ

ከጅማ አውሮፕላን ማረፊያ እስከ አዲስ አበባ በቀጥታ መስመር 260 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሴስና ካራቫን ይህን መንገድ በአንድ ሰዓት ገደማ ይጨርሰዋል፤ ሴስና 172 ከዚያ በላይ ይወስዳል። ይህን ሁሉ ጊዜ አብራሪውም ተሳፋሪውም የሚቀመጡት ከሞተሩ ጀርባ፣ በስስ ቆርቆሮና በስስ መስኮት ብቻ ተከልለው ነው። ባለ ፒስተን ሞተር በሆነ ትንሽ አውሮፕላን ውስጥ በበረራ ላይ ያለው ጩኸት አብዛኛውን ጊዜ ከ85 እስከ 100 ዴሲቤል ይደርሳል። የአሜሪካው የሥራ ደኅንነትና ጤና ምርምር ተቋም፣ ኒዮሽ፣ ያለ መከላከያ በአንድ ቀን ሊሰማ የሚገባውን ጩኸት ልክ አውጥቶለታል፦ 85 ዴሲቤል ለ8 ሰዓት፣ 88 ለ4 ሰዓት፣ 91 ለ2 ሰዓት፣ 94 ለ1 ሰዓት፣ 97 ለ30 ደቂቃ፣ 100 ለ15 ደቂቃ። ጩኸቱ 3 ዴሲቤል በጨመረ ቁጥር ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። እንግዲህ ውስጡ 94 ዴሲቤል በሚጮህ አውሮፕላን ከጅማ አዲስ አበባ መሄድ ብቻውን የቀኑን ድርሻ ይጨርሳል፤ የመልሱ ጉዞ ከድርሻው በላይ ነው።

ጉዳቱ ሕመም ስለሌለው ሰው ይዘናጋል። በውስጠኛው ጆሮ ያሉት ድምፅ ተቀባይ ሕዋሳት አንዴ ከሞቱ አይተኩም። መጀመሪያ የሚጎዳው በ4,000 ኸርዝ አካባቢ ያለው መስማት ነው፤ ሰውዬው ድምፅ ይሰማል፣ ግን «ሰ»ን ከ«ፈ»፣ «ሸ»ን ከ«ሰ» መለየት ያቅተዋል። ከመቆጣጠሪያ ማማ የሚመጣ ቁጥርና ትእዛዝ በራዲዮ ተቆራርጦ ለሚሰማ አብራሪ ይህ የጤና ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የደኅንነትም ጉዳይ ነው።

ይህ መመሪያ ለሥልጠና ለሚዘጋጁ ተማሪዎች፣ በቻርተር አውሮፕላን ወደ ደቡብ ምዕራቡ ለሚመላለሱ ሐኪሞችና ቀያሾች፣ ለመካኒኮችም ያገለግላል። የሄድሴት (ማይክ ያለው የጆሮ መስሚያ) ምርጫ በታወቀ ስም አይጀመርም። መጀመሪያ አውሮፕላኑ፣ ቀጥሎ ጭንቅላትዎ፣ ከዚያ በኋላ ኤሌክትሮኒክሱ፣ በመጨረሻ ዋጋው ይታያል። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ በ1,000 ዶላር የተገዛ ዕቃ ከ300 ዶላሩ ያነሰ ሥራ ሊሠራ ይችላል።

1. የሚበሩበት አውሮፕላን ምን ዓይነት ጩኸት አለው?

የትንሽ አውሮፕላን ጩኸት ትልቁ ድርሻ ወፍራምና ዝቅተኛ ድምፅ ነው። መጠኑን ራስዎ ማስላት ይችላሉ፦ ፕሮፔለሩ በደቂቃ የሚዞረውን ለ60 ያካፍሉ፣ ውጤቱን በፕሮፔለሩ ምላጮች ብዛት ያባዙ።

ሴስና 172 ሁለት ምላጭ አለው፤ በ2,400 ዙር 80 ኸርዝ ይወጣል። አራት ሲሊንደር ያለው ሞተሩም በአንድ ዙር ሁለት ጊዜ ስለሚተኩስ እሱም 80 ኸርዝ ላይ ይጮኻል። ሁለቱ እዚያው ቦታ ላይ ይደራረባሉ፤ የ172 ጩኸት ደረት ድረስ የሚሰማው ለዚህ ነው። ባለ ሦስት ምላጭ ካራቫን በ1,750 ዙር 88 ኸርዝ ገደማ ይሰጣል። ባለ ሦስት ምላጩ ዳይመንድ ዲኤ40 ኤንጂ በ2,100 ዙር 105 ኸርዝ ነው።

እነዚህ ቁጥሮች ለምርጫው ለምን ይጠቅማሉ? ጆሮን ግጥም አድርጎ በመሸፈን ብቻ የሚሠራ ተራ ሄድሴት፣ ማለትም ፓሲቭ የሚባለው፣ ቀጭኑንና ከፍተኛውን ድምፅ በሚገባ ያግዳል፤ ወፍራሙን ግን በከፊል ያሳልፈዋል። ረጅም ሞገድ በፕላስቲክና በስፖንጅ በቀላሉ አይቆምም። ኤኤንአር የሚባለው ዓይነት በጆሮ መሸፈኛው ውስጥ ትንሽ ማይክ አለው፤ ማይኩ የገባውን ጩኸት ይሰማል፣ ሰርኪዩቱ የዚያን ጩኸት ግልባጭ ሞገድ በድምፅ ማጉያው ያወጣል፣ ሁለቱ ሲገናኙ ይጠፋፋሉ። ይህ ዘዴ የሚሠራው በዋነኛነት ከ500 ኸርዝ በታች ነው። ከላይ ያሰላናቸው 80፣ 88 እና 105 ኸርዝ ሁሉም እዚህ ክልል ውስጥ ናቸው። ኤኤንአር ለትንሽ አውሮፕላን ይህን ያህል የሚስማማበት ምክንያት ይኸው ነው።

አውሮፕላኑ ውስጥ የመግባት ዕድል ካለዎት በስልክ ይለኩ። ኒዮሽ ለአይፎን በነፃ ያወጣው የድምፅ መለኪያ አለ። በ«ኤ» እና በ«ሲ» መመዘኛ ተራ በተራ ይለኩ፤ የ«ሲ» ንባብ ከ«ኤ» በ10 ዴሲቤል ወይም ከዚያ በላይ ከበለጠ ጩኸቱ በአብዛኛው ወፍራም ነው፣ ለኤኤንአር የሚወጣው ገንዘብም ፍሬ አለው። ልዩነቱ ትንሽ ከሆነ ከመስኮትና ከበር ክፍተት የሚገባ የነፋስ ፉጨት በዝቷል ማለት ነው፤ ያንን የሚያግደው ጥሩ ፓሲቭ መሸፈኛ ነው።

2. ጃኩን (አውሮፕላኑ ላይ የሚሰካውን የገመድ ጫፍ) ሳያረጋግጡ ገንዘብ አይክፈሉ

በውጭ አገር ያለ ዘመድ ገዝቶ ሲልክ በብዛት የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። በአብዛኛው ትንሽ አውሮፕላን ላይ ያሉት ሁለት ሶኬቶች ናቸው። ወፍራሙ ለመስሚያው ሲሆን 6.35 ሚሊ ሜትር ነው፣ ፒጄ 055 ይባላል። ቀጭኑ ለማይክ ነው፣ 5.23 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ፒጄ 068 ይባላል። የሄሊኮፕተር ሄድሴት ደግሞ ዩ 174 የሚባል አንድ ነጠላ ጃክ አለው፤ በመልክ ስለሚመሳሰሉ በፎቶ ብቻ አይመኑ። ባለ 6 ፒን ሌሞ የሚባል ሶኬት የተገጠመላቸው አውሮፕላኖችም አሉ፤ እነዚህ ለኤኤንአሩ ኃይል ከአውሮፕላኑ ስለሚሰጡ ባትሪ አያስፈልግም። ባለ 5 ፒን ኤክስኤልአር የሚባለው ሶኬት በኤርባስ ላይ የሚገኝ ነው።

በርካሽ የሚሸጡ የወታደር ሄድሴቶችን ይተዉ። ጃኩ ቢገጥም እንኳ ውስጣቸው ሌላ ነው። የሲቪል አውሮፕላን መስሚያ የኤሌክትሪክ ተቃውሞው ከ150 እስከ 600 ኦም ሲሆን ማይኩም ከአውሮፕላኑ ጥቂት ቮልት የሚቀበል ዓይነት ነው። የወታደሩ መስሚያ ጥቂት ኦም ብቻ ነው፣ ማይኩም ዳይናሚክ፣ ማለትም ቮልት የማይቀበል ዓይነት ነው። ውጤቱ፦ እርስዎ በደካማው ይሰማሉ፣ ማማው ግን እርስዎን አይሰማም።

አንድ ሌላ ወጥመድ አለ። ቦዝ ፕሮፍላይት የሚባለው ቀላልና ማራኪ ሄድሴት የተሠራው ጸጥ ላሉ ጄቶች ነው። በ172 ውስጥ ይህን ማድረግ ለከባድ ዝናብ ጃንጥላ ትቶ ነጠላ እንደ መደረብ ነው። ስሙ ቦዝ ስለሆነ ብቻ ይበቃል ብለው አይግዙት።

የሥልጠና ተቋም ተማሪ ከሆኑ ወይም ለድርጅት የሚበሩ ከሆነ ቲኤስኦ ሲ139 የሚል ምልክት ያለበትን ይጠይቃሉ ወይ ብለው አስቀድመው ይጠይቁ። ይህ የአሜሪካ የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን ለአውሮፕላን የድምፅ ዕቃዎች ያወጣው መስፈርት ነው።

3. ፓሲቭ ወይስ ኤኤንአር?

በወር አንድና ሁለት ሰዓት ለሚበር ተሳፋሪ ጥሩ ፓሲቭ ይበቃል። ዴቪድ ክላርክ ኤች10-13.4 ለዚህ ጥሩ መነሻ ነው፤ የተጻፈለት የጩኸት ቅነሳ 23 ዴሲቤል ነው፣ ባትሪ የለውም፣ መለዋወጫውም ለዓመታት ሲሸጥ ቆይቷል። ያ 23 በላቦራቶሪ በጥንቃቄ ተደርጎ የተለካ መሆኑን ግን ይያዙ። ኒዮሽ ለእንዲህ ዓይነት መሸፈኛ ከተጻፈው ላይ 25 በመቶ እንዲቀነስ በ1998 (እ.ኤ.አ.) መክሯል፤ 23 ወደ 17 ይወርዳል። በ80 ኸርዝ ላይ ደግሞ ከዚያም ያንሳል።

ተማሪ አብራሪ ግን ሌላ ሒሳብ አለው። በዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት ደንብ ለንግድ አብራሪነት ፈቃድ በተፈቀደ የሥልጠና ፕሮግራም 150 ሰዓት፣ ያለዚያ 200 ሰዓት በረራ ይጠየቃል። ይህን ያህል ሰዓት በ80 ኸርዝ ጩኸት ውስጥ የሚቀመጥ ሰው፣ ጆሮው ባይጎዳ እንኳ በድካም ይጎዳል፤ ወፍራም ጩኸት ያደክማል፣ የደከመ አብራሪ ደግሞ ሲያርፍ ይሳሳታል። አቅም ካለ ኤኤንአር ይግዙ። አቅም ከሌለ ፓሲቩን ገዝተው ከሥሩ የስፖንጅ የጆሮ ውታፍ ያድርጉ፣ የራዲዮውን ድምፅ ከፍ ያድርጉ። ይህ ርካሽ ዘዴ ብዙ ሰው የሚገምተውን ያህል የማይመች አይደለም። ማሳሰቢያው አንድ ነው፤ ውታፉን ጨርሶ ተጭነው ካላስገቡት ምንም አይሠራም። በጣትዎ አሽተው ያቅጥኑት፣ በሌላኛው እጅ ጆሮዎን ወደ ላይና ወደ ኋላ ይሳቡ፣ ያስገቡት፣ እስኪያብጥ ለ30 ሰከንድ ያህል በጣትዎ ይያዙት።

ዋጋው በግምት ይህን ይመስላል፦ ደህና ፓሲቭ ከ300 እስከ 400 ዶላር፣ መካከለኛ ኤኤንአር ከ500 እስከ 900፣ እንደ ቦዝ ኤ30 ያለው ከ1,200 በላይ። ላይትስፒድ ዙሉ 3 በመካከለኛው ጣሪያ ላይ ይቀመጣል። ዋስትናውንም ከዋጋው ጋር አብረው ይመዝኑ፤ ቦዝና ዴቪድ ክላርክ 5 ዓመት፣ ላይትስፒድ ለዙሉ 3 የ7 ዓመት ይሰጣሉ። ጅማ ላለ ሰው ዋስትና ማለት ዕቃውን ወደ ውጭ መላክ ማለት ስለሆነ፣ በቀላሉ የሚፈታና ትራሱና ስፖንጁ በእጅ የሚቀየር ሞዴል በወረቀት ላይ ካለ ረጅም ዋስትና ይበልጥ ይጠቅማል።

4. ከጭንቅላትዎ ጋር መግጠሙ

በዚህ ላይ ጊዜ ይውሰዱ። ፓሲቩም ኤኤንአሩም የሚሠሩት የጆሮ ትራሱ ዙሪያውን ሳይከፈት ከቆዳ ጋር ሲገናኝ ነው። በትንሽ ክፍተት የሚገባ ወፍራም ድምፅ ፓሲቩን ያዳክመዋል። በኤኤንአር ላይ ደግሞ ከዚህ የባሰ ነገር ይሆናል፤ ሰርኪዩቱ በክፍተቱ የሚገባውን ለማጥፋት ከአቅሙ በላይ ሲሠራ ጭንቅላት በተንቀሳቀሰ ወይም መንጋጋ በታኘከ ቁጥር «ቧ» የሚል ድምፅ ያሰማል። ይህን የሰሙ ሰዎች ዕቃው ተበላሽቷል ይላሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን ጥፋቱ የክፍተቱ ነው።

ክፍተት የሚፈጥሩት ነገሮች የታወቁ ናቸው።

የመነጽር ክንድ፦ ወፍራም የፕላስቲክ ክንድ ትራሱን ከቆዳው ያነሳዋል። ስስ የብረት ክንድ ያለው መነጽር ለበረራ ብቻ ይያዙ። ጄል ያለበት ትራስ በክንዱ ዙሪያ ስለሚገጥም ከተራ ስፖንጅ ይሻላል፤ ነገር ግን ይከብዳል፣ በፀሐይም ይሞቃል።

ሂጃብና ሻሽ፦ ጨርቅ በትራሱና በቆዳው መካከል ሲገባ አየርና ድምፅ ያሳልፋል። ከሁለት አንዱን ያድርጉ። ከጆሮ ጀርባ የሚያልፍ ስስና የሚለጠጥ ውስጠኛ ሽፋን ተጠቅመው ትራሱ በቀጥታ ቆዳ ላይ እንዲያርፍ ያድርጉ፣ ዋናውን ሂጃብ ከሄድሴቱ በላይ ያልብሱት። ይህ ካልሆነ አንድ ድርብ ስስ ጨርቅ ብቻ፣ ያለ እጥፋትና ያለ መርፌ፣ ከትራሱ ሥር ይለፍ። እጥፋት ካለ እዚያው ላይ ይከፈታል።

ሹሩባና ወፍራም ፀጉር፦ ችግሩ ከላይ ያለው የራስ ማሰሪያ ነው። በሹሩባ ላይ ሲያርፍ ከፍ ስለሚል የጆሮ መሸፈኛዎቹ ወደ ላይ ይሳባሉ፣ የታችኛው ጠርዝ ከመንጋጋ ጀርባ ይከፈታል። ማስተካከያው ረጅም የሆነ ሞዴል ይምረጡ፤ ሲሞክሩም በሚበሩበት የፀጉር አሠራር ይሞክሩ።

ኮፍያ፦ አናቱ ላይ ያለው ቁልፍ በአንድ ሰዓት ውስጥ ራስ ምታት ያመጣል። ቁልፍ የሌለውን ያድርጉ ወይም ቁልፉን ይቁረጡት።

ክብደት ደግሞ ከመጨበጥ ጋር አብሮ ይታያል። አብዛኞቹ ከ350 እስከ 550 ግራም ይመዝናሉ። ቀለል ያለ ሆኖ በጣም የሚጨብጥ፣ ከበድ ብሎ ክብደቱን በደንብ ከሚያከፋፍል ይልቅ ያሳምማል። እቤትዎ ውስጥ ለ45 ደቂቃ አድርገው ይቀመጡ፤ አናት ላይ ወይም ከጆሮ በላይ ባለው አጥንት ላይ የሚያቃጥል ነጥብ ካገኙ በአየር ላይ እጥፍ ይሆናል። በተቃራኒው በጣም የላላ ከሆነ የጊቤ ሸለቆ የቀትር ሙቀት አውሮፕላኑን ሲያንገጫግጨው ከጆሮዎ ይንሸራተታል።

5. በወፍጮ ቤት መፈተን

ጸጥ ባለ ክፍል ውስጥ ኤኤንአርን መፈተን አይቻልም፤ የሚጠፋ ጩኸት የለም። አውሮፕላን ማግኘት ካልቻሉ በጅማ ዙሪያ ጥሩ መፈተኛ ሞልቷል፦ በናፍጣ የሚሠራ ወፍጮ ቤት፣ የቡና መፈልፈያ፣ ወይም ትልቅ ጄኔሬተር። ሞተራቸው ልክ እንደ አውሮፕላኑ ወፍራም ድምፅ አለው። ባትሪ ያለው ኤኤንአር ያለ አውሮፕላን ይሠራል፤ ሌላ ዕቃ አያስፈልግም።

ከሞተሩ ሁለት ሦስት ሜትር ርቀው ይቁሙ። ከቺንጊያው ፈጽሞ አይጠጉ፤ የሄድሴት ገመድ የሚዞር ነገር ላይ ከተጠመጠመ አንገት ይዞ ይሄዳል። ገመዱን ጠቅልለው ኪስዎ ውስጥ ይክተቱ።

ሀ. ኤኤንአሩን ሳያበሩ አድርገው ለአንድ ደቂቃ ይስሙ። ቀጭኑ ጩኸት በጣም መቀነስ አለበት። እዚህ ላይ ካልቀነሰ ክፍተት አለ፤ ወደ ቀጣዩ አይለፉ።

ለ. በሁለት እጅዎ መሸፈኛዎቹን ወደ ጆሮዎ ቀስ ብለው ይጫኑ። ሲጫኑ ጩኸቱ ከቀነሰ ሄድሴቱ አልገጠመዎትም። መነጽሩን አውልቀው ይድገሙት፣ ልዩነቱ ከመነጽሩ መሆኑን ያውቃሉ።

ሐ. ኤኤንአሩን ያብሩ። የሞተሩ ወፍራም ዱምዱምታ ወዲያው መውረድ አለበት፤ «ትንሽ የቀነሰ መሰለኝ» የሚያሰኝ ከሆነ አይግዙት።

መ. አንዱን ጆሮ በየተራ ገለጥ አድርገው ግራና ቀኙ እኩል መቀነሱን ያነጻጽሩ። አንዱ ከደከመ በዚያ በኩል ያለው ውስጠኛ ማይክ ወይም ገመዱ ተበላሽቷል።

ሠ. ያኝኩ፣ ያዛጉ፣ ጭንቅላትዎን በፍጥነት ያዙሩ። «ቧ» ወይም ፉጨት ካለ ትራሱን ይመርምሩ።

ረ. ባትሪውን ያውጡ። ወደ ፓሲቭ ሲመለስ የሚቀረው መከላከያ በአየር ላይ ባትሪ ሲያልቅ የሚኖርዎት ነው። ሊታገሡት ካልቻሉ ሌላ ይፈልጉ።

ያገለገለ ሄድሴት ከሆነ ከዚህ በተጨማሪ የትራሱን ቆዳ በጥፍር ይንኩት፤ የተሰነጠቀና የደረቀ ከሆነ ለመለዋወጫ ዋጋ ይቀንሱ። ጃኮቹ አረንጓዴ ዝገት ካላቸው፣ ወይም ገመዱን ከጃኩ ሥር ሲያጥፉት ድምፁ የሚቆራረጥ ከሆነ ይተዉት። የባትሪ ቤቱን ከፍተው ነጭ ወይም ሰማያዊ ዱቄት ካለ ድንጋዩ ፈስሶበታል ማለት ነው።

6. ማይክ

የአውሮፕላን ማይክ ጩኸትን የሚቀንሰው በሁለት በኩል ክፍት ስለሆነ ነው። ከሩቅ የመጣ ጩኸት በሁለቱም በኩል እኩል ገብቶ ይጠፋፋል፤ ከቅርብ የመጣ ድምፅ ግን በአንዱ በኩል ብቻ ይገባል። ስለዚህ ማይኩ ከከንፈርዎ ከ3 እስከ 6 ሚሊ ሜትር መራቅ አለበት፣ በአፍዎ ጠርዝ በኩል ገባ ብሎ፣ ነጥብ ወይም ጽሑፍ ያለበት ፊቱ ወደ ከንፈር ዞሮ። ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ሲርቅ የእርስዎም ድምፅ እንደ ጩኸቱ ይቆጠርና ይጠፋል፣ ኢንተርኮሙም (በአውሮፕላኑ ውስጥ ያሉት እርስ በርስ የሚነጋገሩበት መሣሪያ) ሞተሩን እንደ ንግግር ወስዶ ሁሉንም ሰው ያደነቁራል። ማይኩ ከተገለበጠ ማማው የሚሰማው ሞተሩን ነው። የስፖንጅ ኮፍያውን አያውልቁ፤ ትንፋሽና የመስኮት ነፋስ የሚያግድ እሱ ነው። የማይኩ ክንድ በግራም በቀኝም የሚገጠም ከሆነ ከአብራሪው ጎን ለሚቀመጥም ይመቻል።

7. ባትሪ፣ ብሉቱዝና ሌሎች ተጨማሪዎች

አብዛኞቹ ኤኤንአሮች በሁለት ደብል ኤ ድንጋይ 40 ሰዓት ገደማ ይሠራሉ። በሂርማታ መርካቶ በርካሽ የሚገኘው ተራ ድንጋይ በዚህ ዕቃ ላይ አይገባም፤ ቶሎ ያልቃል፣ ሲያልቅም ይፈሳል። አልካላይን ወይም የሚሞላ ይጠቀሙ፤ ሁለት ትርፍ በቦርሳዎ ይኑሩ። ለወር የማይበሩ ከሆነ አውጥተው ያስቀምጡ።

ብሉቱዝ መሬት ላይ ስልክ ለማናገር ይጠቅማል። ስልክዎ ሲጠራ ማማው እየተናገረ ሊሆን ስለሚችል፣ ሙዚቃውና ጥሪው ራዲዮ ሲመጣ ራሱን ዝቅ የሚያደርግ መሆኑን ያረጋግጡ። ለመነሳትና ለማረፍ ሲዘጋጁ ጨርሰው ያጥፉት።

ኤኤንአር ጸጥታን ስለሚያመጣ የሚያስፈልግዎትንም ድምፅ ሊያርቀው ይችላል። የ172 የስቶል (ክንፉ አውሮፕላኑን መሸከም የሚያቅተው ሁኔታ) ማስጠንቀቂያ በአየር የሚነፋ ጡሩምባ ነው፣ በኢንተርኮም አይመጣም። ከአስተማሪዎ ጋር በበቂ ከፍታ ላይ ስቶል ሲለማመዱ ድምፁ በአዲሱ ሄድሴት እንደሚሰማዎት ያረጋግጡ። የሞተሩን ድምፅ ለውጥም በዚያው ይለማመዱ፤ አዲስ ሄድሴት ያደረገ አብራሪ መሣሪያዎቹን ከወትሮው ቶሎ ቶሎ ማየት አለበት።

8. አውሮፕላኑ ውስጥ ሲያደርጉት

ሁለቱንም ጃክ «ቀጭ» እስኪል ይግፉ፤ ግማሽ የገባ ጃክ ዋናው የድምፅ መቆራረጥ ምክንያት ነው። ገመዱ ከወንበሩ ሐዲድና ከበሩ ጠርዝ ይራቅ። መሸፈኛዎቹን ወደ ታች ጎትተው ጆሮዎን ሙሉ በሙሉ ያስገቡ፣ ማሰሪያውን በሁለቱም በኩል እኩል ቁጥር ላይ ያድርጉ። ከዚያ የኢንተርኮሙን ስኩዌልች፣ ማለትም ማይኩ የሚከፈትበትን የድምፅ ልክ የሚወስነውን ቁልፍ፣ ሞተሩ በሚሠራበት ሁኔታ ያስተካክሉ፦ ሁሉም ሰው ዝም ብሎ ጩኸቱ እስኪጠፋ ያዙሩ፣ ከዚያ በላይ ግን አያዙሩ፤ ከበዛ የንግግርዎ መጀመሪያ ይቆረጣል።

ሄድሴቱን በዳሽቦርዱ ላይ አያስቀምጡ። በመስሚያው ውስጥ ያለው ማግኔት ከላይ ያለውን ኮምፓስ ያሳስተዋል፤ ፀሐዩም ትራሱን ያደርቀዋል።

9. በጅማ ዝናብ ማቆየት

ጅማ ዝናቡ ብዙ ወር ስለሚቆይ ሄድሴትን ከአደጋ ይልቅ እርጥበት ይጎዳዋል። ከበረራ በኋላ ላብ ያለበትን ትራስ በደረቅ ጨርቅ ይጥረጉ፣ በጥላ ሥር ያድርቁ፣ ከዚያ በኋላ ቦርሳ ውስጥ ያስገቡ። እርጥብ ሆኖ ፕላስቲክ ውስጥ የተዘጋ ስፖንጅ ይሻግታል። ከጫማ ካርቶን የሚወጡ የእርጥበት መምጠጫ ከረጢቶችን በቦርሳው ይተዉ። ለማጽዳት ለብ ያለ ውኃና ትንሽ ሳሙና ይበቃል፤ አልኮል የትራሱን ቆዳ ያደርቃል፣ ከዚያም ይሰነጥቀዋል። በብዛት የሚጠቀሙ ከሆነ ትራሱንና የማይኩን ስፖንጅ በዓመት ወይም በሁለት ዓመት ይቀይሩ። ሲያዙ አንድ ጥንድ ትርፍ አብረው ይዘዙ፤ ለአንድ ስፖንጅ ብቻ የመላኪያ ወጪ መክፈል ያሳዝናል።

10. የተለመዱ ብልሽቶች

በአንድ ጆሮ ብቻ ከሰሙ፦ ሄድሴቱ ስቴሪዮ፣ አውሮፕላኑ ሞኖ ነው። ገመዱ ላይ ያለውን ማብሪያ ወደ ሞኖ ያድርጉ። ማብሪያው የተደበቀ ከሆነ የባትሪ ቤቱ ውስጥ ይፈልጉት።

እርስዎ ይሰማሉ፣ ማንም እርስዎን አይሰማም፦ ቀጭኑ ጃክ በደንብ አልገባም፣ ወይም ማይኩ ተገልብጧል። የአጠገብዎን ሰው ሄድሴት በእርስዎ ሶኬት ላይ ይሞክሩ፤ ከሠራ ችግሩ የእርስዎ ሄድሴት ነው።

«ድርርር ዝዝዝ» የሚል ቆርጦ ቆርጦ የሚመጣ ድምፅ፦ የሞባይል ስልክ ነው። ስልኩን ወደ በረራ ሁነታ ያድርጉ፣ ከገመዱም ያርቁ።

ከሞተሩ ፍጥነት ጋር አብሮ የሚቀጥንና የሚወፍር ፉጨት፦ ከአውሮፕላኑ አልተርኔተር ወይም ከላላ የመሬት ሽቦ የሚመጣ ነው። ሄድሴት በመቀየር አይጠፋም፤ ለመካኒኩ ይንገሩ፣ ፉጨቱ በየትኛው ዙር ላይ እንደሚብስና አልተርኔተሩ ሲጠፋ መቆም አለመቆሙን ጽፈው ይስጡት።

ኤኤንአሩ በራሱ የሚጠፋ ከሆነ፦ ብዙዎቹ ሞዴሎች ባትሪ ለመቆጠብ ከአውሮፕላኑ ሲነቀሉ በራሳቸው እንዲጠፉ ተደርገው የተሠሩ ናቸው። በወፍጮ ቤት ፈተናው ላይ ይህ ከታየ ብልሽት ላይሆን ይችላል፤ መልሰው ያብሩትና ፈተናውን ይቀጥሉ። በአውሮፕላን ላይ ተሰክቶ እያለ የሚጠፋ ከሆነ ግን የባትሪ ቤቱን ብረቶች በእርሳስ ላጲስ አሻሽተው አዲስ ድንጋይ ያስገቡ፣ ከዚያም ካልተስተካከለ ገመዱን ከመቆጣጠሪያው ሳጥን ሥር እያጣጠፉ የተሰበረውን ቦታ ይፈልጉ።